የነዋሪውን ልማድ የሚማር ቤት፤ አሠራሩና ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባው ነገር

ልምድ ያለው ባለሱቅ ደንበኛውን በልማዱ ያውቀዋል። ማለዳ መጥቶ ስኳር የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ በወር መጨረሻ ዱቄት የምትወስደው ማን እንደሆነች፣ በገበያ ቀን ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ዕቃ እንደሆነ በመደጋገም ብዛት አጥንቶታል። ከዚህም የተነሣ ደንበኛው ገና ከደጃፍ ሲታይ ዕቃው ከመደርደሪያው ይወርዳል። ደንበኛው «ዛሬስ የምፈልገው ሌላ ነው» ያለው እንደሆነ ደግሞ የወረደውን ይመልሳል፤ ነገሩንም ለወደፊቱ በልቡ ይይዘዋል።

በዓለም ገበያ «ስማርት ሆም» በሚል ስም የሚሸጡት የቤት ዕቃዎች የሚሠሩት በዚሁ በባለሱቁ ዘዴ ነው። የቤቱን ሰዎች ልማድ ይመዘግባሉ፤ ከመዝገቡም የነገውን ይገምታሉ፤ በግምታቸው መሠረት መብራት ያበራሉ፣ ውኃ ያሞቃሉ፣ ማራገቢያ ያዞራሉ። እነዚህ ዕቃዎች ወደ ኢትዮጵያም በመግባት ላይ ስለሆኑ፣ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ አሠራራቸውን ሳያውቅ ገንዘቡን ቢያፈስባቸው ጉዳቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ዕቃው በመጋዘን ይቀርበታል፤ የሸጠው ደግሞ ከደንበኛው ጋር ያጣላዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ዕቃው የሚማርበትን መንገድ ማስረዳት፣ ቀጥሎም በጋሞ አገር ባለ አንድ ቤት ቢገባ ምን እንደሚያጋጥመው በምሳሌ ማሳየት ነው።

1ኛ/ ከመታዘዝ ወደ መማር

ራሱን በራሱ የሚያሠራ ዕቃ ሁሉ የሚማር ዕቃ አይደለም። ከግድግዳ ላይ ተሰክቶ በተወሰነው ሰዓት መብራት የሚያበራ ሰዓት ቈጣሪ ከታዘዘው አያልፍም። በ1975 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ ኤክስ 10 የሚባለውን ዘዴ ባወጣ ጊዜ፣ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ምልክት እየላኩ ከአንድ ስፍራ ሆኖ የልዩ ልዩ ክፍሎችን መብራት ማዘዝ ተቻለ። ይህ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ትእዛዙ ሁሉ ከሰው የሚመጣ ነበር።

መማር የተጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ፣ ማይክል ሞዘር የተባሉ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ቀድሞ ትምህርት ቤት የነበረውን መኖሪያ ቤታቸውን ወደ 75 በሚጠጉ ሴንሰሮች አስታጥቀው ከኮምፒዩተር ጋር አያያዙት። ቤቱም የባለቤቱን መውጣትና መግባት፣ መብራትና ሙቅ ውኃ የሚፈለግበትን ጊዜ እየመዘገበ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት ያዘ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኔስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ልማድ የሚማር የቤት ሙቀት መቈጣጠሪያ ለሽያጭ አቀረበ። ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዘውሩን በእጁ ሲያዞር መሣሪያው ሰዓቱንና የሙቀቱን ልክ እየያዘ የራሱን ፕሮግራም ያወጣል። ጉግል ይህንን ኩባንያ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ማስታወቁ፣ ንግዱ ምን ያህል ተስፋ እንደተጣለበት ያሳያል።

2ኛ/ ቤቱ የሚያይበትና የሚሰማበት

መሣሪያው ሊማር የሚችለው የተነገረውን ብቻ ነው። የሚነግሩትም ሴንሰሮች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፤

ሀ/ የእንቅስቃሴ ሴንሰር። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ከሰው ገላ የሚወጣው የሙቀት ጨረር ቦታ ሲለውጥ የሚያውቅ ነው። ስለዚህ ሰው ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ መጽሐፍ ቢያነብ ወይም ቢጸልይ ክፍሉን ባዶ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። በራዳር የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ግን ትንሽ እንቅስቃሴን፣ የትንፋሽንም ከፍ ዝቅ ማለት እንኳ ሊለይ ይችላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ለ/ የበር ሴንሰር። በመዝጊያው ላይ ማግኔት፣ በመቃኑ ላይ ማግኔቱን የሚያውቅ ትንሽ ማብሪያ ይደረጋል። በሩ መከፈቱንና መዘጋቱን ያስታውቃል፤ ማን እንደገባ ግን አያውቅም።

ሐ/ ኤሌክትሪክ የሚለካ ሶኬት። ቴሌቪዥኑ፣ ምጣዱ ወይም ማቀዝቀዣው በስንት ሰዓት ምን ያህል ኃይል እንደወሰደ ይመዘግባል።

መ/ የእጅ ስልክ። ስልኩ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ባለቤቱ ገባ፣ ሲለያይ ወጣ ተብሎ ይቈጠራል። ስልክ የሌላቸው አያትና ሕፃናት በዚህ ቈጠራ ውስጥ አይገኙም።

አስመጪው ከዚህ የሚይዘው ቁም ነገር አለ። ሁለት መሣሪያዎች በካርቶናቸው ላይ «ልማድ ይማራል» የሚል ተመሳሳይ ቃል ቢጻፍባቸውም፣ አንዱ በአንድ ሴንሰር ሌላው በአራት የሚመለከት ከሆነ ትምህርታቸው እኩል አይሆንም።

3ኛ/ መማር ማለት መቍጠር ነው፤ የኦቾሎ ቤት ምሳሌ

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚመለከት ከፍተኛ ቋጥኝ ላይ የተቈረቈረ የጋሞ አገር ነው። በዚያ የኤሌክትሪክ መሥመር የገባለት የአንድ ነጋዴ ቤት ይታሰብ። በቤቱ ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት ይኖራሉ። ነጋዴው ሰኞና ሐሙስ ወደ ገበያ ወርዶ አምሽቶ ይመለሳል፤ ቤተ ሰቡም እርሱ እስኪመጣ በማድ ቤት ይቈያል። በሌሎቹ ቀናት ሁሉም ቀን ሲመሽ በሳሎኑ ይሰበሰባል።

መሣሪያው ተተክሎ ለ21 ቀናት የሳሎኑን መብራት ቢመዘግብ የሚከተለውን ያገኛል። በ15 ምሽቶች መብራቱ የበራው ከቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በ6ቱ የገበያ ምሽቶች ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ሁለት ዓይነት ተማሪ መሣሪያ ይነጻጸር። የመጀመሪያው ሁሉንም ምሽቶች ደምሮ ለ21 ያካፍላል። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት 90 ደቂቃ ነው፤ 90 በ6 ተባዝቶ ለ21 ሲካፈል ወደ 26 ደቂቃ ይሆናል። ይህ በ12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጨመር መሣሪያው በየቀኑ በ12 ሰዓት ከ56 ደቂቃ መብራቱን ያበራል። በዚህ ሰዓት ግን በዚያ ቤት መብራት ያበራ ሰው አንድም ቀን አልነበረም። በ15ቱ ምሽቶች ቤተ ሰቡ 26 ደቂቃ በጨለማ ይቈያል፤ በ6ቱ ምሽቶች ደግሞ መብራቱ ለባዶ ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል። አማካይ ቍጥሩ በሒሳብ ትክክል ሆኖ ሳለ ለማንም አልበጀም።

ሁለተኛው መሣሪያ በመጀመሪያ ቀኖቹን ይለያል፤ ሰኞን ከሰኞ፣ ሐሙስን ከሐሙስ ጋር ብቻ ያስተያያል። ስለዚህ በሁለቱ ቀኖች 2 ሰዓትን፣ በአምስቱ 12 ሰዓት ተኩልን ይይዛል። ከዚህም የተሻለው መሣሪያ ምልክትን ከውጤት ጋር ያያይዛል፤ «የውጭው በር ተከፍቶ የማድ ቤቱ እንቅስቃሴ ካቆመ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሳሎኑ መብራት ይፈለጋል» የሚለውን ከመዝገቡ ያወጣል። ይህኛው ነጋዴው በመንገድ ቢዘገይም አይሳሳትም፤ የሚከተለው ሰዓቱን ሳይሆን ሰዎቹን ነውና።

የአገሩ ተፈጥሮ ለዚህ ሥራ አንድ ቅናሽ ያደርጋል። የአርባ ምንጭ አካባቢ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ6ኛው ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። በለንደን ልዩነቱ ከ8 ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ በሰሜን አገሮች የጀምበር መጥለቂያን የሚከታተል ውድ መሣሪያ አስፈላጊ ሲሆን፣ በጋሞ አገር ለመብራት ሥራ ቀላሉ ሊበቃ ይችላል።

4ኛ/ የስሕተት ዋጋ

ግምት ሁሉ ሊሳሳት ይችላልና ብልህ መሣሪያ ከመሥራቱ በፊት «ብሳሳት ምን ያህል ያስከፍላል?» ብሎ ይመዝናል። በቦልደሩ ቤት ሙከራ የታየው ትልቁ ሐሳብ ይህ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ወጪም የነዋሪው አለመመቸትም በአንድ መለኪያ፣ ማለትም በገንዘብ ተተምነው ይነጻጸሩ ነበር።

በኦቾሎው ምሳሌ ይህንን ማስላት ይቻላል። 10 ዋት የሆነ የሳሎን አምፑል ለአንድ ሰዓት በከንቱ ቢበራ የሚያባክነው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ መቶኛ ነው። ባለ 1500 ዋት የውኃ ማሞቂያ (ቦይለር) ግን በአንድ ሰዓት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም የአምፑሉ 150 እጥፍ ነው። ስለዚህ መሣሪያው አምፑሉን በደካማ ግምት ቢያበራ ጉዳት የለውም፤ ቦይለሩን ለማሞቅ ግን እርግጠኛ መሆን ይገባዋል።

ቦይለሩ ለነጋዴው ጥሩ ማስተማሪያ ነው። 50 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ባለ 1500 ዋቱ ይህንን ለመፈጸም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ቤተ ሰቡ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚታጠብ ከሆነ ማሞቂያው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መጀመር አለበት። የመታጠቢያውን ሰዓት የተማረ መሣሪያ በዚያው ጊዜ ይጀምራል፤ ያልተማረው ግን ቀኑን ሙሉ ውኃውን እያሞቀ ይኖራል፤ ከጋኑ የሚወጣውንም ሙቀት ሲተካ ይውላል። ለደንበኛው ቍጠባውን በቍጥር ማሳየት የሚቻለው እንደዚህ ባለው ዕቃ ነው። በአምፑል ላይ የሚገኘው ቍጠባ ግን ትንሽ ስለሆነ የመሣሪያውን ዋጋ ለመመለስ ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ባለሱቁ የማይገኘውን ቍጠባ ተስፋ አድርጎ መሸጥ አይገባውም።

5ኛ/ ዝምታ እንደ ስምምነት ሲቈጠር

መሣሪያው ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ከነዋሪው እጅ ነው። እርሱ ያበራውን ሰው ካጠፋው ስሕተት ነበር ብሎ ይጽፋል፤ ካልነካው ግን ተስማምቶኛል እንዳለው ይቈጥረዋል። ችግሩም ከዚህ ይመነጫል።

በምሳሌው ቤት አያት ማብሪያውን እንዴት እንደሚያርሙት ያሳያቸው ሰው የለም እንበል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መሣሪያው የሳሎኑን መብራት ያጠፋል፤ እርሳቸው ግን ገና ጥጥ ይፈትላሉ። ለልጅ ልጆቻቸው ሸክም ላለመሆን ዝም ብለው በጨለማ ተነሥተው ይሄዳሉ። መሣሪያው ከመዝገቡ ላይ «3 ሰዓት ትክክል ነው» ብሎ ይጽፋል። ነገም እንደዚሁ ያደርጋል፤ ከነገ ወዲያም ያጸናዋል። አንድ ጊዜ የተሠራ ስሕተት በዝምታ ምክንያት ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ኦቾሎ ለዚህ ነገር የራሱ ትምህርት አለው። የጋሞ ሕዝብ የጋራ ጉዳዩን በዱቡሻ ተሰብስቦ በንግግር የሚወስን መሆኑ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ ተቀምጠው ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓት አጥንተው በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመውበታል። በዱቡሻ ሐሳብ የሚሰማው በአፍ ሲነገር ነው። መሣሪያው ግን ንግግር የሌለበት ጉባኤ ነው፤ ማብሪያውን ደጋግሞ የነካ ሰው ድምፁ ይበዛል፤ ያልነካው ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን በሚያስረክብበት ጊዜ ለቤቱ አባወራ ብቻ አሳይቶ መሄድ አይገባውም። በቤቱ ያሉትን ሁሉ፣ በተለይም አዛውንቱን ጠርቶ ማረሚያውን በእጃቸው እንዲሞክሩት ማድረግ አለበት። ይህ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው፤ የሚያስቀረው ግን የብዙ ወራት ቅሬታ ነው።

6ኛ/ በዓል፣ እንግዳና የመብራት መቋረጥ

አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ሳምንት ሰባት ቀን ሆኖ፣ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ሆኖ፣ ወራቱም በአውሮፓ አቈጣጠር እንደሆኑ ታስቦ ነው። የኢትዮጵያ ቤት ግን የሚኖረው በሌላ አቈጣጠርም ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት በየዓመቱ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ በእነዚህ ቀናት በሚጾም ቤት የማድ ቤቱ ሰዓት ይዛወራል። መሣሪያው አዲሱን ልማድ ተምሮ ሲጨርስ ጾሙ ይፈታል፤ እርሱም የጾሙን ሰዓት ይዞ ይቀራል።

በጋሞ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና መስቀል ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌሎችም ስፍራዎች በሽመናና በንግድ የሚኖሩ የጋሞ ልጆች ለመስቀል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ዓመቱን ሙሉ ስድስት ሰው የነበረበት ቤት በድንገት አሥራ አምስት ሰው ይሞላዋል። ማብሪያው ሌሊቱን ሁሉ ይነካል፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ያድራል። መሣሪያው ይህንን እንደ አዲስ ልማድ ቢይዘው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በባዶ ክፍሎች መብራት ሲያበራ ይሰነብታል። ስለዚህ መማሩን ለጊዜው ማቆሚያ ያለው ዕቃ ተፈላጊ ነው። ገዢውም መስቀል ከመድረሱ በፊት ይህንን መዝጋት፣ ከበዓሉም በኋላ መክፈት እንዳለበት ሊነገረው ይገባል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥም ሁለት ጉዳት ያመጣል። የመጀመሪያው ትምህርቱን ያበላሻል፤ ለሁለት ምሽት መብራት ጠፍቶ ቢቈይ መሣሪያው ቤተ ሰቡ መብራት ማብራት የተወ ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛው ኃይሉ ሲመለስ የሚታይ ነው፤ አንዳንዱ አምፑል ኃይል ሲመለስለት ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን በራሱ ይበራል፤ ሌላው ከመቋረጡ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ይመለሳል፤ ሌላው ጠፍቶ ይቈያል። ለቦይለርና ለምጣድ ጠፍቶ የሚቈየው ዓይነት ብቻ ነው የሚበጀው።

7ኛ/ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የሚመረመር

አስመጪው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ከላኪው ዘንድ በጽሑፍ ቢያገኝ ካፒታሉን ይጠብቃል።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ መሥመር 220 ቮልት 50 ሄርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት ብቻ እንዲሠራ የተሰናዳ ዕቃ ሲሰካ ይቃጠላል። በአሜሪካ የታወቁት የሙቀት መቈጣጠሪያዎችም በአብዛኛው በ24 ቮልት ከቤቱ ማእከላዊ ማሞቂያ ጋር የሚያያዙ ናቸው። በአርባ ምንጭ ሙቀት የሚፈለገው ግን ማቀዝቀዣ ነው፤ ያለውም በግድግዳ የሚሰቀልና በሪሞት የሚታዘዝ ነው። ለዚህ የሚበጀው የሪሞቱን ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር እጅግ የተመሰገነ ዕቃ በጋሞ ዞን አንድ ገዢ እንኳ ላያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የግድግዳው ሽቦ ነው። ብዙዎቹ ተማሪ ማብሪያዎች ለራሳቸው ሥራ ኃይል ስለሚፈልጉ ኒውትራል ሽቦ ከማብሪያው ሣጥን ውስጥ እንዲገኝ ግድ ይላሉ። በብዙ ቤቶች ግን ወደ ማብሪያው የወረደው የፌዙ ሽቦና ወደ አምፑሉ የሚመለሰው ብቻ ነው። ባለሱቁ ይህንን ሳይጠይቅ ቢሸጥ ዕቃው በማግሥቱ ይመለስለታል። ኒውትራል የማያስፈልገው ዓይነት ስላለ ሁለቱንም መያዝ ይሻላል።

ሦስተኛው የራዲዮ ሞገዱ ነው። ዜድ ዌቭ የሚባለው ዘዴ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጠቀምባቸው ሞገዶች የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ ገበያ ዕቃ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። የራዲዮ ሞገድ የሚጠቀም ዕቃም ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ የዓይነት ማረጋገጫውን ጉዳይ መጨረስ ያስፈልጋል። ማተር የተባለው የጋራ ስምምነት በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ መንገድ ተከፍቷል። ይህ ምልክት ያለበት ዕቃ ገዢውን ከአንድ ኩባንያ ጥገኝነት ያድነዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ትምህርቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ መዝገቡን የሚያኖረው በቤቱ ውስጥ በራሱ አካል ላይ ነው። ሌላው ግን ሁሉን ነገር በኢንተርኔት ወደ ባሕር ማዶ ልኮ ከዚያ ትእዛዝ ይቀበላል። የሁለተኛው ዓይነት ኢንተርኔት ሲቋረጥ አእምሮውን ያጣል። ኩባንያው አገልግሎቱን የዘጋ እንደሆነም ለዘለዓለም ይሞታል። ሪቮልቭ የሚባለውን የቤት ማዘዣ መሣሪያ ይሠራ የነበረውን ኩባንያ ኔስት በ2014 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ፣ በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ተዘጋ። በየቤቱ የተተከሉት መሣሪያዎች ምንም ሳይሰበሩ መሥራት አቆሙ። እንዲህ ያለው ነገር በአርባ ምንጭ ቢደርስ ደንበኛው የሚመጣው ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ሸጠለት ባለሱቅ ነው።

8ኛ/ የቤት ምሥጢር

የልማድ መዝገብ ምን እንደሚናገር ነጋዴው ከሌላው ሰው ይልቅ ይገባዋል። በምሳሌው ቤት የተሰበሰበው ጽሑፍ ነጋዴው ሰኞና ሐሙስ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከቤት እንደማይገኝ፣ ገንዘብ ይዞ የሚመለሰውም በዚያ ሰዓት እንደሆነ ይመሰክራል። ይህንን ለማወቅ ሌባ ብዙ ይከፍልበታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚይዝ ሁሉ ያለበትን ግዴታ ደንግጓል። ባለሱቁ ለደንበኞቹ መሣሪያውን ተክሎ የይለፍ ቃሉን በራሱ ደብተር ጽፎ ቢያስቀምጥ ትልቅ ኃላፊነት በራሱ ላይ መጫኑን ይወቅ። የሚሻለው ደንበኛው በራሱ እጅ አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያስገባ ማድረግ ነው። ያገለገለ መሣሪያ ተመልሶ ሲሸጥም የቀድሞው ቤት መዝገብ አስቀድሞ መሰረዝ አለበት።

ከዚህም ጋር የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ያስታውሳል። «ይህ ዕቃ ያለ ኢንተርኔት ይህን ይህን አይሠራም» የሚል አንድ መሥመር በደረሰኙ ጀርባ ቢጻፍ ሻጩንም ገዢውንም ይጠብቃል።

9ኛ/ ማጠቃለያና የቤት ሥራ

የጋሞ ደጋ ሰው በቀርከሃ የሠራው ረጅም ቤት ምስጥ እግሩን ሲበላው ከሥሩ እየተቈረጠ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም በሰው ትከሻ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል። ያ ቤት ከነዋሪው ጋር የሚስማማው ነዋሪው ስለሚያውቀውና በእጁ ስለሚያበጀው ነው። አዲሱ ተማሪ ቤትም ጥቅም የሚሰጠው በዚሁ ሁኔታ ነው፤ ባለቤቱ የሚማርበትን መንገድ ሲያውቅ፣ ሲሳሳትም በእጁ ሊያርመው ሲችል።

ስለዚህ አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና አስመጥቶ በራሱ ቤት ለአንድ ወር ይፈትነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሳይነካው ልማዱን እንዲማር ይተወው። በአራተኛው ሳምንት አራት ፈተናዎች ያድርግበት። አንደኛ፣ ብሬከሩን ለአንድ ሰዓት አጥፍቶ ሲመልሰው ዕቃው ምን እንደሚያደርግ ይመልከት። ሁለተኛ፣ ራውተሩን ነቅሎ መብራቱ በእጅ የሚበራና የሚጠፋ መሆኑን ይሞክር። ሦስተኛ፣ እንግዶች ጠርቶ ካሸኘ በኋላ ቤቱ ወደ ቀድሞ ልማዱ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይቍጠር። አራተኛ፣ በቤቱ ካሉት ሁሉ ለስልክና ለኤሌክትሪክ ዕቃ እንግዳ የሆነውን ሰው ጠርቶ «ይህን መብራት አጥፉልኝ» ይበል። ያ ሰው ያለ ረዳት ማጥፋት ከቻለ ዕቃው ወደ ገበያ ሊወጣ ይገባዋል። ካልቻለ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትእዛዙን መተው ይሻላል፤ ከደንበኛው ዘንድ ተመልሶ የሚመጣ ርካሽ ዕቃ ከሁሉ ይልቅ ውድ ነውና።